ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ልጆቼ፣

ከደብሊን የጠየቃችሁኝን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቻለሁ። ያን ዕለት በስልክ «ይማር» ወይም «ይቅርበት» ብዬ ልገላግላችሁ እችል ነበር፤ ግን የልጅ ነገር በቆመ እግር አይቆረጥም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ረጋ ብዬ ልጽፍላችሁ መረጥሁ።

መጀመሪያ ጉዳዩን እኔ እንደገባኝ ላስቀምጠው። ልጃችሁ የሁለተኛ ደረጃን የመጀመሪያ ሦስት ዓመት ሊጨርስ፣ ጁኒየር ሰርት የምትሉትንም ፈተና ሊወስድ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት መንገድ አለለት። አንደኛው በቀጥታ አምስተኛ ዓመት ገብቶ ሁለት ዓመት ተምሮ ሊቪንግ ሰርት መፈተን ነው። ሁለተኛው በመካከሉ፣ አራተኛው ዓመት ላይ፣ ትራንዚሽን ይር የሚባለውን ብሔራዊ ፈተና የሌለበት የመሸጋገሪያ ዓመት መማር ነው። ልጁ ሁለተኛውን ይፈልጋል። አንቺ «አንድ ዓመት ዝም ብሎ ሊባክን ነው» ብለሻል፤ አንተም «እኩዮቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እሱ ገና ዩኒፎርም ለብሶ ሊሄድ ነው» ብለሃል። የሁለታችሁም ጭንቀት ከፍቅር የመጣ ነውና አላቃልለውም።

የኔን ሐሳብ ሳልሸሽግ ላስቀድም። ልጁ ከልቡ ከጠየቃችሁ ዓመቱን ስጡት። ከሰጣችሁት በኋላ ግን ባዶ አትተዉት። የቀረው ሁሉ የእነዚህ የሁለት ቃላት ማብራሪያ ነው።

ይህ ዓመት ትናንት የመጣ ፋሽን እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974፣ ሪቻርድ በርክ የአየርላንድ የትምህርት ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ በጥቂት ትምህርት ቤቶች በሙከራ ተጀመረ። ሰውየውን ያሳሰባቸው ልጆች ለውጤት ሲሉ የሚሮጡት ሩጫ ነው፤ ከሩጫው መሀል ቆም ብለው ራሳቸውንም ዓለሙንም የሚያዩበት ጊዜ ይኑራቸው አሉ። ለሃያ ዓመት ያህል በጥቂት ቦታ ተወስኖ ቆየና ከ1994 ወዲህ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ደቡብ ኮሪያን ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ለፈተና በመጨነቅ ከኛ የባሰች እንጂ ያነሰች አይደለችም። እሷም የአየርላንድን ልምድ አይታ፣ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ልጆች ለአንድ መንፈቅ ያለ ጽሑፍ ፈተና እየተማሩ ሙያ የሚያዩበትን ሥርዓት በ2013 ሞክራ በ2016 በሁሉም ትምህርት ቤቶች አደረገችው። በፈተና የታወቀ አገር ለልጆቹ እረፍት ካበጀ፣ ነገሩ ሰነፍ የፈለሰፈው አይደለም ማለት ነው።

ለመሆኑ እኛ ፈተናን ለምን እንዲህ እንፈራለን? ምክንያት አለን። በናንተም በኔም ዘመን የአንድ ልጅ ዕድል በማትሪክ ወረቀት ላይ ይንጠለጠል ነበር። ዛሬም እዚህ ቤታችን ያው ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጠባብ በር ያለፈ ወላጅ ልጁ ለአፍታ ቆም ሲል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን የዚህን አገር ፍርሃት ተሸክማችሁ የዚያን አገር ልጅ አታሳድጉበት። ልጃችሁ ትራንዚሽን ይር ቢገባ የሚዘጋበት በር የለም፤ ሊቪንግ ሰርቱ በአንድ ዓመት ይዘገያል እንጂ አይቀርበትም።

አሁን አንድ በአንድ ወደ ስጋታችሁ ልምጣ።

«ዓመቱ ይባክናል» ላላችሁት፣ ሊቪንግ ሰርት የሚጠይቀውን ተመልከቱ። ልጁ አምስተኛ ዓመት ሲገባ የሚማራቸውን ትምህርቶች ይመርጣል። ብዙው ልጅ ሰባት ያህል ይይዛል፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚቆጠርለት የስድስቱ ምርጥ ውጤት ነው። ከፍተኛው ነጥብ የሒሳቡ ጉርሻ 25 ተጨምሮበት 625 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፊዚክስ ይሻለኛል ወይስ አካውንቲንግ፣ ሥዕል ወይስ ባዮሎጂ ብሎ ሲመርጥ የወደፊት ኑሮውንም አብሮ እየመረጠ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ውሎ ሳያይ ሐኪም እሆናለሁ የሚል፣ የግንባታ ቦታ ረግጦ ሳያውቅ መሐንዲስ ነኝ የሚል ልጅ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ነገሩ። ብዙ ትምህርት ቤቶች በዚያ ዓመት ልጁ የሊቪንግ ሰርት ትምህርቶችን በየተራ እየቀመሰ እንዲያያቸው ያደርጋሉ። ቀምሶ የመረጠ ልጅ መሀል መንገድ ላይ «ተሳስቻለሁ፣ ልቀይር» አይልም። በችኮላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ያልወደደውን ትምህርት በሁለተኛው ዓመት ጥሎ የወጣ ልጅ ስንት ዓመት እንደጠፋበት በአካባቢያችሁ ካሉት ወላጆች ጠይቁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው።

«የተማረውን ይረሳል፣ ከጥናትም ይፈታል» ላላችሁት ደግሞ፣ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው መርምረውታል። የአየርላንድ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ምርምር ተቋም በ2004 ባወጣው ጥናት ይህን ዓመት የተማሩ ልጆች፣ የቤተሰባቸው ሁኔታ ተመዛዝኖም ቢሆን፣ በሊቪንግ ሰርት ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንዳመጡና ወደ ከፍተኛ ትምህርትም ይበልጥ እንደዘለቁ አሳይቷል። ይኸው ጥናት ግን አብሮ ያስጠነቀቀው ነገር አለ፤ በዚያ ዓመት ከትምህርቱ ጎን ለጎን የደመወዝ ሥራ የሠሩ ልጆች ይህን ጥቅም አላገኙም። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ውጤቱ ለምን ይሻላል ብትሉኝ፣ ከትምህርት ቤት ሕይወቴ የማውቀውን ልንገራችሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ ይዤ ስቆም ያየሁት የጎበዝና የሰነፍ ልጅ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከጭንቅላት አይመጣም። አንዱ ለምን እንደሚማር ያውቃል፤ ሌላው አባቱ ስላለው ይማራል። ለምን እንደሚማር የገባው ልጅ ሌሊት የሚቀሰቅሰው አይፈልግም። ይህን የሚያሳውቅ መጽሐፍ ደግሞ የለም፤ ውሎና ሰው ነው የሚያሳውቀው።

እኛም ቤት ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ቆሎ ተማሪ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ እየለመነ፣ ጎጆውን በገዛ እጁ እየቀለሰ ሲማር ከዜማውና ከቅኔው ጋር ራስን መቻልን ይማር ነበር። በኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በሚባለው ሥርዓት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት። እነዚያ ወጣቶች አገራቸውን በካርታ ሳይሆን በእግራቸው አወቁ።

እኔ ራሴ በዘመቻው ነው ይህን ያየሁት። አየርላንድ ያንን ዓመት በጀመረችበት በዚያው ጊዜ፣ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን አስጀመረና ከሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎችና ከዩኒቨርሲቲ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ላከ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። ከኔ ጋር የተመደበ አንድ ልጅ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ማለት የሚያፍር፣ ውጤቱም ከመጨረሻ የሚቆጠር። መንደሩ ውስጥ ምንጭ ስናጎለብት ድንጋዩን የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የሚያየው እሱ ነበር። ሽማግሌዎቹ እየመጡ «ያ ልጅ የት አለ? እሱ ይምራን» ይሉ ጀመር። እኔ ፊደል ሳስቆጥር እሱ ከገበሬዎቹ ጋር ጭቃ እየረገጠ ይውላል፤ ማታ ሲመለስ አንገቱ ቀና ብሎ ነበር። በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሶ ጨረሰ፤ ኑሮውንም በውሃ ሥራ ላይ መሠረተ። ያን ምንጭ ባያይ ኖሮ በክፍል ደረጃው ብቻ ራሱን መዝኖ ይቀር ነበር።

ነገር ግን የዘመቻውን ሌላ ገጽ ልሸፍንባችሁ አልፈልግም። በግዴታ ነበር፤ ያልዘመተ ትምህርቱ ይቋረጥበት ነበር፤ ከፖለቲካው እሳት ጋር ተያይዞም ስንቱ የእናት ልጅ በዚያው ቀረ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ልጅን ወደ ዓለም ማውጣት መልካም ነው፤ አስገድዶ ማውጣት ግን የበጎውን ግማሽ ይበላዋል። የናንተ አገር ሥርዓት ጥሩነቱ ምርጫ መሆኑ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሁሉንም ልጅ ያስገባል፤ የናንተው ግን ለልጁ ትቶታልና ያንን ምርጫ እናንተ አትውሰዱበት። ባይፈልግ ኖሮም በግድ ግባ በሉት አልላችሁም ነበር።

«እኩዮቹ ይቀድሙታል» የሚለው ሦስተኛው ስጋት ደግሞ የልብ ስጋት ነው፤ ለቅሶ ቤትና ሠርግ ላይ «ልጃችሁ ስንተኛ ደረሰ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ መልሱ፦ «የሚማረውን እየመረጠ ነው።» ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለው ያስተማሩን አባቶቻችን ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የገባና በአሥራ ስምንት ዓመቱ የገባ ልጅ፣ ሠላሳ ሲሞላቸው ማን እንደቀደመ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ግን ሲሮጡ ይፈታል።

እሺ ማለት የማይገባችሁ ጊዜም አለ። ጓደኞቹ ስለገቡ ብቻ የሚገባ ከሆነ ቆም አድርጋችሁ ጠይቁት። ልጁ ከስደት ዘግይቶ መጥቶ በዕድሜው ከክፍሉ የሚበልጥ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም የሚፈልገውን ጠንቅቆ አውቆ ወደዚያ የሚቸኩል ቢሆን ኖሮ፣ በቀጥታ ይለፍ እል ነበር። ትምህርት ቤቱንም መርምሩ፤ ይህ ዓመት በየትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓመቱን አስተባባሪ መምህር አግኙና «ባለፈው ዓመት ልጆቹ በየካቲት ወር አንድ ተራ ማክሰኞ ላይ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። በበዓልና በጉዞ ቀን ሁሉም ያምራል፤ ትምህርት ቤት የሚታወቀው በተራው ቀን ነው። የማክሰኞውን ውሎ ዘርዝሮ የሚነግራችሁ ከሆነ ልጃችሁን በእምነት ስጡት። ፊልም እያዩ ዋሉ ካላችሁ ግን፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ስለ ገንዘቡም ልናገር። ትምህርት ቤቶች ለዚህ ዓመት መዋጮ ይጠይቃሉ፤ መጠኑም ይለያያል። መዋጮውን መክፈል የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሳታፍሩ ለትምህርት ቤቱ ተናገሩ፤ የሚረዳበት መንገድ ብዙ ጊዜ አለ። ትምህርት ቤቱ የውጭ አገር ጉዞ ቢያዘጋጅ ግን፣ ጉዞው ልጁን ከሚያሳድጉት ነገሮች ሁሉ የመጨረሻው ነው። ለእሱ ብላችሁ ዕዳ አትግቡ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንባችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልለፍ። ዓመቱን ምን ይሙላው?

አንደኛ፣ የሥራ ልምምዱን ራሱ ይፈልግ። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ወደ ሥራ ቦታ ይልካል። የኛ ሰው ልማድ አጎት ሱቅ ማስቀመጥ ነው፤ ይህን አታድርጉ። ደብዳቤውን በእጁ ይጻፍ፤ ስልኩንም ራሱ ይደውል። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ፣ «ይቅርታ፣ ቦታ የለንም» ሲባል፣ ስልኩን ዘግቶ ለአፍታ ግድግዳውን ሲያይ ከጎኑ ቁጭ በሉ እንጂ አትቀሙት። ከዚያ ወደ ሌላው ይደውል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እያልን ነው ያደግነው፤ ዘንድሮ ግን እራቱ ቢዘገይም ያቡካ። አንዱን ልምምድ እወደዋለሁ በሚለው ሥራ፣ ሌላውን ደግሞ ፈጽሞ በማያውቀው ቦታ ያድርግ፤ አይመቸኝም ያለው ሥራ የሚያስተምረው ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ያገልግል። አገሩ ውስጥ ከ1985 ጀምሮ ጋሽካ የሚባል የፕሬዚዳንቱ የወጣቶች ሽልማት አለ፤ ብዙ ልጆች በዚህ ዓመት የነሐሱን ደረጃ ይሠራሉ። ልጁ በየሳምንቱ ማኅበረሰብ ማገልገል፣ አንድ ክህሎት መማር፣ ሰውነቱን ማጠንከር፣ በመጨረሻም የእግር ወይም ሌላ ጉዞ ማድረግ አለበት። ከሰው ጋር አይወዳደርም፤ ከራሱ ጋር ነው። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሄዶ አንድ ሽማግሌ ሻይ ሲጠጡ አብሮ ተቀምጦ ማዳመጥ ከቻለ፣ እናንተ ስታረጁ የሚጠቅማችሁን ትምህርት ተማረ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አማርኛውን ይያዝ። ሊቪንግ ሰርት ሲመጣ ለዚህ ጊዜ አይኖረውም። ፊደሉን አጥርቶ ያንብብ፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን ለአያቱ ደውሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቃት፤ ስትዳር የት ነበረች፣ በድርቁ ዘመን ምን በሉ፣ ልጇ ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ ምን አለች። መልሷን በድምፅ ይቅዳ፤ ከዚያም በጽሑፍ ያስቀምጠው። በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ የሠሩትን ሁሉ በአንድ ፋይል ሰብስበው ለመምህራን ቀርበው ያስረዳሉ፤ ከፋይሉ ውስጥ የአያቱ ታሪክ ቢገኝ ከማንም አያንስም።

አራተኛ፣ ሒሳቡንና ንባቡን አይተው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ፈተና የለም ማለት ትምህርት የለም ማለት አይደለም። ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት ሒሳብ፣ ከመኝታ በፊት ጥቂት ገጽ መጽሐፍ ይበቃዋል። ስልኩ ደግሞ ሌሊት ከመኝታ ቤቱ ውጭ ይደር፤ ይህን ዓመት የሚበላ አንድ ሌባ ካለ እሱ ነው።

አምስተኛ፣ ቅድም ያቆየኋት ነገር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለኪሱ ጥቂት ቢሠራ አልከለክልም። ነገር ግን ጊዜ አለህ ተብሎ የማታውንም የቅዳሜና እሁዱንም ሥራ ከደራረበ፣ ዓመቱን በዩሮ ሸጠው ማለት ነው። እናንተም ይህን ዓመት የቤት ኪራይ ማገዣ አታድርጉት።

ከነዚህ ሁሉ በላይ በየእሁዱ እራት ላይ «ምን አገኘህ?» ሳይሆን «ምን ከበደህ?» በሉት። ስለ ውጤት የተጠየቀ ልጅ ይደብቃል፤ ስለ ከበደው ነገር የተጠየቀ ልጅ ይናገራል። አንተም እንደ አባት የራስህን ንገረው፤ ደብሊን የገባህ ሰሞን አውቶቡስ እንዴት እንደጠፋብህ፣ የመጀመሪያ ቀጣሪህ ምን እንዳለህ። ልጁ አባቱ እንዴት ሰው እንደሆነ ካላወቀ ራሱን ሰው የሚያደርግበት መንገድ ይረዝምበታል።

ለልጁም አንድ ቃል ላኩልኝ። ልጄ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ይህ ዓመት ደጃፍ ድረስ ያደርስሃል፤ በሩን የምታንኳኳው አንተ ነህ። ወላጆችህ ከልጅነታቸው ጀምሮ ተሸክመውት የመጡትን ፍርሃት አሸንፈው ነው እሺ የሚሉህ፤ እሺታቸው ቀላል አይምሰልህ። ቢደክምህ ተናገር፣ ቢከፋህ ተናገር፣ ቢደላህም አትታበይ። መስከረም ላይ የማታውቀውን አንድ ሰው፣ አንድ ሥራ፣ አንድ የራስህን ጠባይ ግንቦት ላይ ካወቅህ ዓመቱ ሞልቷል።

ልጆቼ፣ ውሳኔው የናንተው ነው፤ እኔ መከርሁ እንጂ አልፈረድሁም። ቅጹ ሲመጣ ግን ልጁ ይሙላው፣ ለምን እንደፈለገም ራሱ ይጻፍበት፤ እናንተ አንብባችሁ ፈርሙ። የነገሩትን የማይረሳ፣ የለመኑትን የማይነሳ አምላክ ልጃችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ፤ የሚወደውን ሥራ ከሚጠቅመው ሥራ ጋር አንድ ያድርግለት፤ በሰው አገር አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድ፣ በአያቱ ቋንቋ የሚመርቅ ሰው ያድርግላችሁ። አሜን።